ባለቤቴ የሠራው መሰላል ከበደኝ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፤

የ67 ዓመት ሴት ነኝ። ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ድሮ የቤቱን ጉድለት ሁሉ የሚያየው እሱ ነበር። አሁን አምፖል ሲቃጠል፣ መጋረጃ ሲወርድ፣ አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን እኔው ነኝ። እሱ ከባህር ዛፍ የሠራው መሰላል አለ፤ ማንሳቱ ግን አቃተኝ። በቀደም ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቤ አምፖል ልቀይር ወጣሁ። ወንበሩ ከዳኝ። እግዚአብሔር አተረፈኝ፣ ክንዴ ብቻ አበጠ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ «እማዬ፣ ሁለተኛ ምንም ላይ እንዳትወጪ!» ብሎ ተቆጣኝ። ለአንድ አምፖል ሰው ማስቸገር ደግሞ ይከብደኛል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ምን ዓይነት መሰላል ልግዛ?

የሐዋሳዋ እናት

መልስ

እናቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። ልጅዎ የተቆጣው ደንግጦ ነው። ቤትዎን በራስዎ እጅ መያዝ መፈለግዎንም እረዳለሁ።

ለቤት ውስጥ የሚበጅዎት ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ተጣጣፊ የአሉሚኒየም መሰላል ነው። ሦስት እርከን ይበቃዎታል። ከላይ ሰፊ መቆሚያና ከመቆሚያው ከፍ ያለ መያዣ ብረት ያለውን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ አይቸኩሉ። በአንድ እጅ አንስተው ጥቂት ይራመዱ፤ ከከበደዎት ይተዉት፣ የከበደ መሰላል መጨረሻው ጥግ ላይ መቆም ነው፤ እርስዎም ወደ ወንበሩ ይመለሳሉ። ከዚያ ይክፈቱት። እግሮቹን የሚያገናኘው ብረት እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ «ቀጭ» ማለት አለበት። ባለሱቁ አጠገብዎ ቆሞ የመጀመሪያው እርከን ላይ ይውጡ። ከተወዛወዘ አይግዙት። እርከኑ ቀጭን ዘንግ ሳይሆን እግርዎ ተመችቶት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ይሁን። የአራቱም እግር ጎማ መኖሩን ይዩ። የሚችለው ክብደት ተለጥፎበታል፤ የአውሮፓውን ኢኤን 131 ደረጃ የሚያሟላው 150 ኪሎ ይችላል። የሚይዙት ዕቃም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አምፖል ሲቀይሩ ከቆጣሪው ያጥፉ፣ አምፖሉም ይቀዝቅዝ። ነጠላዎን ያስቀምጡ፣ ጫፉ እርከን ላይ ይጠልፍዎታል። ነጠላ ጫማም አይሆንም፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን።

የግፊት መድኃኒት አንዳንዴ ብድግ ሲሉ ያዞራል። ቀና ብሎ ወደ ኮርኒስ ማየትም ሚዛን ያስታል። ራስዎን ትንሽ እንኳ ካዞረዎት የዚያን ቀን አይውጡ። ለሐኪምዎም ይንገሩ።

አሸንዳውን ግን አደራ፣ ለሰፈር ወጣት ከፍለው ያሠሩት። በዚህ ከልጅዎ ጋር ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ቢሆን ይሻላል፤ ጭቃ ላይ የመሰላል እግር ይንሸራተታል። እርስዎ ታች ሆነው ይዩለት፦ መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። በጣም ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ በጣም ከራቀ ደግሞ ከሥሩ ይሸሻል። ሌላ ሰው ከታች ይያዝለት።

የባለቤትዎን መሰላል አይጣሉት፤ እጁ ያረፈበት ነው። ግን ማንም አይውጣበት፣ የቆየ እንጨት ላይ ምስማር ይላላል። ጓሮ ውስጥ አጥር ላይ አስረው የፓሽን ፍሩት ሐረግ ያሳድጉበት።