የሾፌሩ ደብተር

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ብዙ ታወሩኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ተመርቃችሁ ኮምቦልቻ ግዥ ወይም መጋዘን የገባችሁ ናችሁ። ጥያቄያችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «አቅራቢዎቻችንን በምን እንለካቸው?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ ሰዓቱን የምትቆጥሩት ከየት እስከ የት ነው?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ታሪኩ አያኮራኝም።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እውላለሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ኬሚካል በበርሜል በጂቡቲ በኩል ያስገባል። መኪኖቹ ጋላፊን አልፈው፣ ከሚሌ በባቲ አድርገው ይመጣሉ። ሁለት ትራንስፖርተሮች ነበሩን። ውል የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ሰንጠረዤን አወጣሁ። የአንደኛው መስመር «ዘግይቷል፣ ዘግይቷል፣ ዘግይቷል» ይላል። ሰውየው ያቀረበው ሪፖርት ደግሞ ሁሉንም «በሰዓቱ» ይለዋል። ዋሾ መሰለኝ። ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ውሳኔው ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሾፌሮቹ አንዱ ቀሪ ሰነድ ሊወስድ ቢሮዬ መጣ። ሊወጣ ሲል ከኪሱ ደብተር አወጣ። «አለቃ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለኝ። ሽፋኗ በግራሶ ጠቁሯል። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሮባታል። አንዱን ገጽ እንዲህ አነበብኩ፤

«ዓርብ 10 ሰዓት ተኩል በር ደረስኩ። ዛሬ አይራገፍም አሉ። ቅዳሜ አውራጅ የለም። እሑድ ዝግ። ሰኞ 5 ሰዓት ተራገፈ።»

ያንኑ ጭነት ከኔ ሰንጠረዥ ፈለግኩት። «ሰኞ ገባ፣ ዘግይቷል» ይላል።

እሱ የሚቆጥረው በራችን እስኪደርስ ነው። እኔ የምቆጥረው ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ እስኪቆረጥ ነው። ሁለታችንም አልዋሸንም። በመሀል ያለው ሦስት ቀን ግን የኛው ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላ አናራግፍም የሚለውን ደንብ ያወጣነው እኛ ነን። ከባቲ የሚመጣ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏችኋል ይሄ ነው።

(ሰዓትና ቀን ካነሳን አይቀር፣ ከውጭ አቅራቢ ጋር ስትጻጻፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ስንት ጠብ ከዚህች እንደተነሳ አትጠይቁኝ።)

በዚህ ሥራ ላይ ስሙ የሚነሳ ስኮር (SCOR) የሚባል የአቅርቦት ሥራ መለኪያ ማዕቀፍ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. እስኪሻሻል ድረስ አፈጻጸምን በአምስት ነገር ያይ ነበር፤ አስተማማኝነት፣ ፍጥነት፣ ለውጥ ሲመጣ መላመድ፣ ወጪና የንብረት አጠቃቀም። ስሞቹን ሸምድዳችሁ ለፈተና ጽፋችኋቸው ይሆናል። እኔን የጠቀመኝ አከፋፈላቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደንበኛው የሚያያቸው ናቸው። ሁለቱ የቤት ውስጥ ጉዳይ ናቸው። እኛ ለራሳችን የአውራጅ ወጪ ስንቆጥብ የቤታችን ቁጥር አማረ። ሂሳቡን የከፈለው በር ላይ ሦስት ቀን የቆመው መኪና ነው።

ሌላው ሰው የሚያታልለው አማካይ ነው። አንዱ ትራንስፖርተር ሁልጊዜ በ6 ቀን ያደርሳል እንበል። ሌላው በአማካይ 5 ቀን ነው፤ ግን አንዳንዴ 3፣ አንዳንዴ 10 ይሆናል። በወረቀት ሁለተኛው ፈጣን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለሱ 6 ቀን አስቤ አዛለሁ፣ አለቀ። ለሁለተኛው ግን እንዳላፍር የ10 ቀን ዕቃ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ አለብኝ። በርሜል ላይ የተኛ ገንዘብ ነው እሱ። ስለዚህ ሪፖርት ሲመጣላችሁ አማካዩን ብቻ አትዩ፤ የከፋውን ቀን ጠይቁ።

«95 በመቶ ደርሰናል» ሲባልም አትቸኩሉ። ዕቃው በሰዓቱ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይጎዳ፣ ከትክክለኛ ሰነድ ጋር መምጣት አለበት። አራቱም ለየብቻ 95 በመቶ ቢሳኩና ጉድለቶቹ እርስ በርስ ባይያያዙ፣ ምንም ያልጎደለው ጭነት ከ100 ወደ 81 ገደማ ይወርዳል። አራት ክፍሎች በየራሳቸው ይጨበጨብላቸዋል፤ መጋዘን ያለው ሰው ግን ከአምስት አንዱን ጭነት ሲጨቃጨቅበት ይውላል።

ስለ ቅጣት አጭር ልበል። እኛም አንድ ሰሞን ለዘገየ ጭነት ቅጣት አስገብተን ነበር። ፈጥነው የመጡ መስሏችኋል? አስቸጋሪውን ጭነት መቀበል ተዉ። ቁጥሩ አረንጓዴ ሆነ፣ እኛ ግን ዕቃ አጣን።

ከደብተሯ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አኖርን። ሦስት ሰዓት ይጻፍበታል፤ በር የደረሰበት፣ ማራገፍ የተጀመረበት፣ ያለቀበት። ጥበቃውም ሾፌሩም ይፈርማሉ። የመጀመሪያውን ወር ስንደምረው ትልቁ መዘግየት ከበሩ ወዲህ ሆነ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣሁ። አገላብጦ አየና፣ «ይሄን ለነሱም ልንሰጣቸው ነው?» አለኝ። ገመናችንን አደባባይ ላውጣው ያልኩ ያህል ነበር ፊቱ። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ኮፒው ለትራንስፖርተሩም በየወሩ ይሰጥ ተባለ። የማታ አውራጅ የተፈቀደልንም በዚያው ወረቀት ነው። ከዚያ በፊት ስለምነው ሰሚ አላገኘሁም ነበር።

ያባረርነውን ትራንስፖርተር ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «አብሽር፣ ያለ ነው» አለኝ በወሎ ደግነት። አልተመለሰም ግን። ከኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለ ሌላ ድርጅት ጋር ውል አስሮ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አመሻሽ ላይ ተሳቢዎቹ የኛን በር እያለፉ ወደዚያ ሲታጠፉ በመስኮት አያቸው ነበር።