ሽያጭ፣ ስቶር፣ ሂሳብ፣ የሰው ኃይል በአንድ ሲስተም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ዕቃ አስመጥተው ከሚያከፋፍሉ መካከለኛ ድርጅቶች ነው። አጠር ተደርገዋል።

ጥያቄ፦ ሽያጭ በኤክሴል፣ ስቶር በቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ)፣ ሂሳብ በፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ነው የምንሠራው። ወር ሲዘጋ ሦስቱ አይገጥሙም። ሲስተም ብንገዛ ይፈታልናል?

መልስ፦ መግዛቱ ብቻውን አይፈታም። የማይገጥመው አንዱን ሽያጭ ሦስት ሰው በሦስት ቦታ ስለሚጽፈው ነው። መረጃ መጻፍ ያለበት ነገሩ በተፈጸመበት ክፍል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽያጭ ደረሰኝ ሲቆርጥ ስቶሩ የወጪ ማዘዣውን ያያል፤ ስቶር ሲያስረክብ ቀሪው ይቀንሳል፤ ሂሳብ ክፍል ገቢውንና ቫቱን እንደገና ሳይጽፍ ያገኘዋል። ከግዢው በፊት እያንዳንዱ ወረቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በእስክሪብቶ ሣሉ፤ ሁለት ጊዜ የሚጻፈውን ቁጥር አክብቡ። ሻጩን አጥብቃችሁ የምትጠይቁት ስለ ክቦቹ ነው፤ በቀለማት ያሸበረቀውን ግራፍ ሁሉም ያሳያችኋል።

ጥያቄ፦ ሲስተሙ ገብቷል፤ ስቶር ላይ ግን ቀሪው ከዜሮ በታች ያሳያል። ዕቃው እኮ አለ!

መልስ፦ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። ግዥ በካርቶን ያስገባል፣ ሽያጭ በፍሬ ያወጣል። ባለ 24 ፍሬ 10 ካርቶን ገብቶ «10» ብቻ ከተመዘገበ፣ 11ኛው ፍሬ ሲሸጥ ሲስተሙ −1 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን 229 ፍሬ ተቀምጧል። መነሻ መለኪያውን ፍሬ አድርጉና ለካርቶን 24 ማባዣ ስጡት። አምራቹ ካርቶኑን ወደ 20 ከቀየረው አዲስ ኮድ ክፈቱ እንጂ አሮጌውን ማባዣ አትንኩ፤ ያለፈው መዝገብ ሁሉ ይናጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። መኪናው ከጅቡቲ ማታ ይገባል፣ ዕቃው ጠዋት ይሸጣል፣ የገቢ ደረሰኙ የሚሠራው ከሰዓት በኋላ። ከዜሮ በታች መሸጥን ዝጉት። የሽያጭ ሠራተኞች ለጥቂት ቀን ያማርራሉ፣ ግድ የለም። ጉድለቱን «ማስተካከያ» በሚል መሙላት ግን ምክንያቱን መቅበር ነው፤ ማስተካከያ የሚያጸድቀው ሰው ደግሞ ራሱ ስቶር ኪፐሩ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ግዥ ክፍል መቼ ማዘዝ እንዳለበት ሲስተሙ ሊነግረው ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በቀን 12 ካርቶን ይሸጣል እንበል፤ ዕቃው ከታዘዘ እስኪደርስ 60 ቀን ይፈጃል፤ ለመዘግየት የ15 ቀን መጠባበቂያ ያዙ። 12 × 75 = 900። ቀሪው 900 ሲደርስ ይዘዝ። «ቀሪ» ስንል ስቶር ያለውንም ታዝዞ መንገድ ላይ ያለውንም ነው። ሁለተኛው ከተረሳ አንዱ ዕቃ ሁለቴ ይታዘዛል።

ጥያቄ፦ አንዱ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ዱቤው ተበታተነብን።

መልስ፦ ፊደላችን ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለኛ አንድ ቃል፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው። ደንበኛን በስም ሳይሆን በቲን ቁጥር ለዩ፤ አንድ ቲን ሁለቴ እንዳይመዘገብ ይዘጋ። ከኤክሴል ስታስገቡ የቲኑን ዓምድ አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ በ00 የሚጀምር ባለ 10 አሃዝ ቲን ዜሮዎቹን ተበልቶ 8 አሃዝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የቀኑ ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት (ማሽኑ ቀኑን ሲዘጋ ከሚያወጣው ድምር) ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ ልዩነቱ በየደረሰኙ ከሆነ የቫት ስሌቱ ነው። 1,150 ብር ቫትን ጨምሮ ከሆነ ለ1.15 ይካፈላል፦ መነሻው 1,000፣ ቫቱ 150። ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የሚያሰላ ሲስተም ግን 172.50 ይላል። ልዩነቱ በቀን መጨረሻ ብቻ ከሆነ ዜድ ከወጣ በኋላ የተሸጠ አለ ማለት ነው፤ ማሽኑ ለነገ ይቆጥረዋል፣ ሲስተሙ ለዛሬ።

ጥያቄ፦ ፔይሮልን (የደመወዝ ስሌቱን) ከአሻራ ማሽኑ ጋር ብናገናኘው ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ሰዓቱን። ማሽኑ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የፈረቃ ሰንጠረዡ በኛ ሰዓት ከተሞላ 6 ሰዓት ይዛነፍና በጊዜው የገባው ሁሉ አርፋጅ ይሆናል። የትርፍ ሰዓት ማባዣዎቹ አራት ናቸው፦ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። የግብር ሰንጠረዡ ከነመነሻ ቀኑ ይቀመጥ። በ2017 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ፣ አሮጌውን ሰንጠረዥ ሰርዞ አዲሱን የጻፈ ሰው ያለፈውን ወር ደመወዝ እንደገና ሲያወጣ የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ የሁሉም ክፍል መብት ይኑረው?

መልስ፦ የማየት፣ አዎ። የመጻፍ፣ አይ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዳታ ይበላሽብናል።

መልስ፦ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ለሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር ለሚያገናኘው ስዊችም ይሁን፤ ስዊቹ ከጠፋ በየክፍሉ ያለው ኮምፒውተር ምዝገባውን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ባክአፕ በየማታው ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይደር። በወር አንዴ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ፣ መሥራቱን ለማረጋገጥ፣ ባክአፑ የተወሰደበትን ዕለት የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ፈልጉ።