መልስ፦ ምግብ ከጀመረ ወዲህ ካካው ተለወጠብኝ

እህቴ፣ ልጅሽ 6 ወር ሞልቶት ምጥን ገንፎ ከጀመረ ወዲህ ካካው ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ያስምጠዋልም ብለሻል። አይዞሽ። ጡት ብቻ ለለመደ ሆድ ይህ ያለ ነው። ካሮት ከበላ ቁርጥራጩ እንዳለ ሊወጣ ይችላል። ቀይ ስር ከበላ ደግሞ ዳይፐሩ ቀይ ሆኖ ያስደነግጥሻል። ሙዝም ትል የሚመስሉ ጥቁር ክሮች ያሳያል፣ ትል ግን አይደለም።

ማማጡ ብቻውን ድርቀት ነው አይባልም። ካካው ለስላሳ ከሆነ ተይው። እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ ከወጣ ግን ድርቀት ነው። ያኔ ገንፎውን ቀጠን አድርጊው። የበሰለ ፓፓያ ወይም አቮካዶ አድቅቂለት። ከምግብ ጋር ትንሽ ትንሽ ውሃ በማንኪያ አቅምሺው። ጡቱን አትቀንሺ። ጎረቤት «በመቀመጫው ሳሙና አስገቢለት» ካለችሽ እሺ አትበይ። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ውሃ በፈረቃ ነው ብለሻል። እኔን ከገንፎው ይልቅ ያሳሰበኝ ውሃው ነው። በጄሪካን የቆየውን ሳታፈዪ አትስጪው። ጡጦም ይቅርብሽ፤ ማጽዳቱ መከራ ነው፣ ኩባያና ማንኪያ ይሻላል። ገንፎ አሳድረሽ አትስጪው።

ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከተደጋገመ፣ ደም ካየሽ፣ ካካው ነጭ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ጡት እምቢ ካለ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ለተቅማጡ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ዚንክ ይሰጡሻል። መንገድ ላይም ቢሆን ማጥባትሽን አታቋርጪ።