ሥልጣኑ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ፌዴራል፣ ክልልና የከተማ ምክር ቤት ሦስቱም መንግሥት ከተባሉ፣ የየራሳቸው ሥልጣን አላቸው ማለት ነው? ሲጋጩስ የማን ቃል ይጸናል?

መልስ፦ ሦስቱን እንደ ደረጃ ቆጥሮ የላዩ የታቹን ያዛል ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ፌዴራሉም ክልሉም ሥልጣናቸውን ያገኙት ከሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንዱ ለሌላው የቸረው አይደለም፤ ስለዚህም ብቻውን ሊነጥቀው አይችልም። የከተማ ምክር ቤት ግን በብዙ አገሮች የሚቋቋመውም የሚፈርሰውም በክልሉ ሕግ ነው።

ቶሮንቶ ላይ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ምርጫ ዘመቻ ተጀምሮ ሳለ ከተማዋ ያለችበት የካናዳ ክልል፣ የኦንታሪዮ ግዛት፣ ሕግ አውጥቶ የምክር ቤቱን ወንበር ከ47 ወደ 25 ቀነሰ። ተወዳዳሪዎች ለአንድ ሰፈር ሲቀሰቅሱ ከርመው ወሰኑ ተለወጠባቸው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ለግዛቱ ፈረደ። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት የኦንታሪዮን ምክር ቤት ወንበር እንዲህ መቀነስ አይችልም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሕንድ ለዚህ መላ ብላ በ1992 የመንደርና የከተማ ምክር ቤቶችን በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች፤ በየ5 ዓመቱ መመረጣቸውም ግዴታ ሆነ። የትኛው ሥራ ይሰጣቸው የሚለው ግን አሁንም በክልሉ እጅ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50(4) ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ ስንት እንደሚበቃ ግን አይዘረዝርም።

ግጭት ሲነሳ በመጀመሪያ የሚታየው ጉዳዩ በሕገ መንግሥቱ በማን የሥልጣን ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ነው። ለክልል ብቻ ከተተወ የፌዴራሉ ሕግ ቦታ የለውም። ለሁለቱም የጋራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉ ይጸናል። በዝርዝር ያልተጠቀሰው በአሜሪካና በኢትዮጵያ የክልሎች ነው፤ በካናዳና በሕንድ የፌዴራሉ።

ገንዘብ ሲገባበት ግን መስመሩ ይደበዝዛል። አሜሪካ በ1984 የአልኮል መጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ያላደረገ ግዛት ከፌዴራሉ ከሚያገኘው የመንገድ በጀት መጀመሪያ 5፣ ከዚያ 10 በመቶ እንዲቀነስበት ደነገገች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 አጸደቀው፤ በ1988 ሁሉም ግዛቶች ተስማምተው ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ1997 ፌዴራሉ የአካባቢ ፖሊስ ሹሞችን የጦር መሣሪያ ገዢዎችን ማንነት እንዲያጣሩ ማዘዝ አይችልም አለ። በበጀት ማግባባት ይቻላል፤ የሌላውን ሹም ማዘዝ አይቻልም።

ጥያቄ፦ አቤቱታዬን ለየትኛው ላቅርብ?

መልስ፦ ሕጉን ማን አወጣው፣ ማን ያስፈጽመዋል፣ በጀቱን ማን ይከፍላል ብለው ለይተው ይጠይቁ። መልሱ ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል። በጀርመን አብዛኛውን የፌዴራል ሕግ የሚያስፈጽሙት ክልሎች ናቸው፤ ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ ብቻ ወደ በርሊን የጻፈ ሰው ደብዳቤው የተሳሳተ በር ላይ ይወድቃል። ቅሬታዎ በአፈጻጸሙ ላይ ከሆነ ውሳኔውን በፈረመው መሥሪያ ቤት ይጀምሩ፤ የውሳኔውን ቅጂና የተጠቀሰውን አንቀጽ ቁጥር በጽሑፍ ይቀበሉ። ይግባኙ ወዴት እንደሚሄድ የሚለየው በዚያ አንቀጽ ነው።