መልስ፦ ቴስታታ ከተላጨ በኋላ የፑሽሮድ ልክ
ወንድሜ፣ የ1989 ፎርድ ሙስታንግ 5.0 ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) ፊቱ በማሽን 0.75 ሚሊ ከተላጨ በኋላ የድሮው ፑሽሮድ (ከሊፍተሩ ወደ ሮከሩ የሚገፋው ዘንግ) ይሆናል ወይ ላልከው፣ ሳትለካ አትግጠም። በተላጨው ልክ ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ወደ ሊፍተሩ (ፑሽሮዱን ከታች የሚገፋው፣ በውስጡ ትንሽ የሚጨመቀው ክፍል) ቀርቧል። ከቴስታታው ስር ወፍራም ጋስኬት ካስገባህ የጨመርከውን ያህል ይመልስልሃል። የዚህ ሞተር ሮከር እንደ ድሮው ሸቭሮሌ 350 በዳዶ አይስተካከልም፣ በብሎን ጥብቅ ብሎ ነው የሚታሰረው።

አለካኩ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን ፒስተን ኮምፕሬሽን ላይ (አየሩን ሲጨምቅ) ላይኛው ጫፍ አድርሰው፣ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ይሁኑ። ፑሽሮዱን በጣትህ ወደላይ ወደታች እያንቀሳቀስክ የሮከሩን ብሎን ቀስ ብለህ እሰር፤ የፑሽሮዱ ጨዋታ (ክፍተቱ) ልክ ሲጠፋ አቁምና ከዚያ ወዲያ እስኪጠብቅ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቁጠር። ከሩብ እስከ አንድ ዙር ከሆነ ደህና ነው። በጣም ካለፈ ሊፍተሩ መጨረሻው ድረስ ይጫንና ቫልቩ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ይጠፋል፣ ቫልቭም ይቃጠላል። ያኔ አጠር ያለ ፑሽሮድ እዘዝ።

ሮከር ስር ሺም (ስስ ብረት) አስገባ የሚሉህ ይኖራሉ። እኔ አልመክርህም። ሮከርና ቫልቭ ከቴስታታው ጋር አብረው ነው የወረዱት፤ ሺም ግን ሮከሩን ብቻ ያነሳዋል፣ የቫልቩን ጫፍ የሚረግጥበት ቦታም ይለወጣል። ደግሞ የ16ቱንም ቫልቮች ለካ፣ በአንዱ ብቻ አትፍረድ።