ጀልባዋ ግሪክ፣ ባለቤቷ ሌላ አገር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የሸራ ጀልባ ገዝታችሁ፣ ወይም ለመግዛት አስባችሁ፣ ከምትኖሩበት ርቃ እንዴት እንደምትያዝ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ግሪክ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀማሪ ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ። ጀልባዋን ከግሪክ በስተ ምዕራብ ባለው አዮኒያን ባሕር ላይ ላስቀምጣት ወይስ በስተ ምሥራቅ ባለው ኤጂያን?

መልስ፦ አዮኒያን። በጁላይና በኦገስት ኤጂያን ላይ ሜልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነሳል። አንዴ ከጀመረ ለቀናት ላይበርድ ይችላል። ሰኞ ሥራ የሚገባ ሰው ደሴት ላይ ታግቶ ሊቀር ነው። አዮኒያን ላይ ግን ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና ማታ ይተኛል። ሌፍካዳ፣ ኢታካና ኬፋሎኒያ የሚባሉት ደሴቶችም ተቀራራቢ ናቸው። ከፕሬቬዛ ከተማ ፊት ለፊት፣ አክቲዮ ላይ፣ ትልልቅ የጀልባ ማቆያ ግቢዎች አሉ፤ አየር ማረፊያውም እዚያው ነው። መለዋወጫ በሻንጣ ይዞ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በኦክቶበር ትቻት እስከ ኤፕሪል አልመለስም። ውሃ ላይ ትቆይ ወይስ የብስ ላይ?

መልስ፦ የብስ ላይ፣ ያለ ማመንታት። ውሃ ላይ ያለች ጀልባ አንድ ቱቦ ቢቀደድባት ልትሰምጥ ትችላለች። ገመዶቿም በማዕበል ሲፋተጉ ይበጠሳሉ።

ከመሄድዎ በፊት ሸራዎቹን ያውርዱ፤ ፀሐይ ጨርቁን ይበላዋል። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ይሁን። የናፍጣ ታንከሩን ይሙሉት፤ በጎዶሎ ታንከር እርጥበት ይጠራቀምና ናፍጣው ውስጥ ተህዋስያን ይራባሉ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ከጨው በንጹህ ውሃ አጥበው አንቲፍሪዝ ያስገቡበት። የጋዝ ሲሊንደሩን ይንቀሉ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። የፍሪጁን በር ክፍት ይተዉ፣ ፍራሾቹን በጎን ያቁሙ፤ አለበለዚያ ስትመለሱ የሚቀበላችሁ ሻጋታ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከቦታው በፊት የምመርጠው ሰውየውን ነው። ቅጠል የውሃ መውረጃውን ከደፈነው ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይሄን ፍራንክፈርት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። በየወሩና ከትልቅ ነፋስ በኋላ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ ውስጧን የሚያይ፣ ፎቶ የሚልክ ሰው ይቅጠሩ። ሥራውንና ክፍያውን በጽሑፍ ይዋዋሉ። ጀልባዋ ሰው ሳያያት ምን ያህል መቆየት እንደምትችልም የኢንሹራንስ ኩባንያዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጀልባዬም የተመዘገበችው አሜሪካ ነው። ግሪክ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንችላለን? ጀርመን ያለው ወንድሜስ ሊጠቀምባት ይችላል?

መልስ፦ የእርስዎና የጀልባዋ ቆጠራ ለየብቻ ነው። እርስዎ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ሼንገን አገሮች መቆየት የሚችሉት 90 ቀን ነው። ጀልባ ላይ ማደርዎ ይሄን አይለውጠውም። ጀልባዋ ደግሞ ቀረጥና ቫት ሳይከፈልባት አውሮፓ ኅብረት ውስጥ 18 ወር ትቆያለች። ከዚያ በፊት ከኅብረቱ ውጭ ወዳሉት ቱርክ ወይም አልባኒያ ወጥታ ስትመለስ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። መውጣቷን የሚያሳየውን ማኅተም ያለበት ወረቀት በደንብ ይያዙ። የግሪክ ቫት 24 በመቶ ነው፤ በአንድ ወረቀት መጥፋት የሚመጣው ዕዳ ቀላል አይሆንም።

ወንድምዎን በተመለከተ ይጠንቀቁ። ቀረጥና ቫት ሳይከፍሉ የመጠቀሙ መብት ከኅብረቱ ውጭ ለሚኖር ሰው የተሰጠ ነው። ጉምሩክን ሳይጠይቁ ቁልፉን አይስጡት።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፈው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ጓደኞቼ ከግሪኳ ደሴት ከኮርፉ ተነስተን አልባኒያ ደርሰን እንመለስ ይላሉ። ችግር አለው?

መልስ፦ የሼንገን ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ አይውጡ፤ መመለሻ የለዎትም። ባለብዙ መግቢያ ቪዛ ይጠይቁ። የአልባኒያንም መግቢያ ቀድመው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ አትላንታ ነኝ። ጀልባዬን ሃሪኬን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በሚነሳባቸው ወራት ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ግሬናዳ ልተዋት አስቤአለሁ። ከአደጋው ቀጣና ውጭ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ አደጋው ይቀንሳል እንጂ ውጭ አይደለም። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በ2004 ሃሪኬን ኢቫን ግሬናዳን አወደማት። ጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ ሃሪኬን ቤሪል የግሬናዳን ካሪያኩ ደሴት መታ፤ ማንግሮቭ በሚባሉት የባሕር ዳር ዛፎች ውስጥ የተጠለሉ ጀልባዎች ሳይቀሩ ተጎዱ። እዚያ ከተዋት የብስ ላይ፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ማሰሪያ ጋር በጠንካራ ቀበቶ ትታሰር። ሸራና የፀሐይ መከለያ ጨርቅ ሁሉ ይውረድላት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዋና አትችልም፤ ባሕሩን ትፈራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፍርሃቷን አይናቁባት። በልኳ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ይግዙላት፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ሁልጊዜ ትልበሰው፣ እርስዎም ይልበሱ። ከሁሉ በላይ ግን እርስዎ ቢወድቁ ወይም ቢታመሙ ምን እንደምታደርግ ያሳዩዋት፦ ሞተር ማስነሳት፣ ሸራ ማውረድ፣ በሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ መጥራት። ግሪክ ውስጥ በስልክ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው 108 ነው፣ የአውሮፓው የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112። ወደቡ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ እርስዎ እጅዎን አጣምረው ተቀምጠው ሁሉንም እሷ ትሞክረው።