ወንድሜ ረጅም ነው ለማለት ሎንግ ወይስ ቶል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ፈተና ላይ "ማይ ብራዘር ኢዝ ሎንግ" ብለሽ ጽፈሽ መምህሩ በቀይ ሰረዘብሽ። ረጅም ማለት ሎንግ አይደለም ወይ፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ስህተቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ደሴ ላይ ማታ ማታ ተማሪ አስጠናለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደዚህች ቃል ሰው የሚያሳስት አላጋጠመኝም። ቀላል ስለምትመስል ማንም ጊዜ ሰጥቶ አያያትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኛው ረጅም ነው። የኛ ረጅም ሁሉን ይሸከማል። ሰውም ረጅም፣ ገመድም ረጅም፣ ተራራም ረጅም፣ ስብሰባም ረጅም። እንግሊዝኛው ግን ይከፋፍለዋል። ሰው፣ ዛፍ፣ ፎቅ፣ ምሰሶ፣ ብቻ ቆሞ ከታች ወደ ላይ የሚለካ ነገር ከሆነ ቶል ነው። ተራራ አብዛኛውን ጊዜ ሃይ ይባላል፣ ስለዚህ የደሴው ጦሳ ተራራ ሃይ ነው። ተዘርግቶ፣ ተጋድሞ ወይ ተንጠልጥሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካው ነው ሎንግ የሚባለው፤ ገመድ፣ መንገድ፣ የቦርከና ወንዝ፣ እባብ፣ ጸጉር፣ ቀሚስ።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምሰጠው ምሳሌ የአክሱም ሐውልት ነው። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው 24 ሜትር ገደማ ነው። ቆሟል፣ ስለዚህ ቶል። እዚያው ግቢ ውስጥ ተሰባብሮ የተጋደመው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱን እንደተጋደመ የሚለካ ሰው ሎንግ ይለዋል። ሁለቱም ድንጋይ ናቸው፣ አንዱ ቆሟል አንዱ ተኝቷል፣ ቃሉ የተለየው በዚህ ብቻ ነው።

ሰው ግን ተኝቶም ቶል ነው። ወንድምሽ አልጋ ላይ ስለተጋደመ ሎንግ አይሆንም። እግሩ ግን ሎንግ ነው፣ እጁም ሎንግ ነው። ቀጭኔ ራሷ ቶል፣ አንገቷ ሎንግ። አንድ ለየት የሚል ነገር ልጨምርልሽ፦ ገና የተወለደ ሕፃን ቆሞ አይለካም፣ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር ነው ሲባል ሎንግ ነው የሚሉት። ይሄን ሳውቅ ነው ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው።

ቁጥር ሲመጣ ቁጥሩ ይቀድማል። "ዘ ስሊቭ ኢዝ 62 ሴንቲሜተርስ ሎንግ"፣ እጅጌው 62 ሴንቲ ርዝመት አለው ማለት ነው። ብዙ ልጆች "ሎንግ 62" ብለው ይገለብጡታል። ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ይሄ ነበር። ሸሚዙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከትከሻው ስፌት እስከ እጅጌው ጫፍ ሜትር አስይዛለሁ፣ ቁጥሩን ጽፌ ያለፈውን ወዲህ የወደቀውን ወዲያ አደርጋለሁ። አንድ ቀን እጅጌያቸው ሁለት ሁለት ሴንቲ የተረፈ ሸሚዞች መጡ። ወረቀቱ ላይ "ቬሪ ሎንግ" ብዬ ጻፍኩ። የጥራት ተቆጣጣሪው የውጭ ሰው ነበር፣ አነበበና ዲዛይኑ ነው ወይስ ጥፋት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቬሪ ሎንግ በጣም ረጅም ነው ይላል እንጂ ጥፋት አለ አይልም። ከሚገባው በላይ ረዘመ የሚለው "ቱ ሎንግ" ነው። እኛ በአማርኛ በጣም ረዘመ ብለን በድምፃችን ጥፋት መሆኑን እናሳውቃለን፣ እነሱ ቃሉን ራሱን ይለውጣሉ።

አሁን ወደ ጊዜው። "ሃው ሎንግ" ስትሰሚ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ሜትር አይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን፣ ስንት ዓመት ነው የሚጠየቀው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስገባ ከቤትህ እዚህ ለመድረስ "ሃው ሎንግ" ይፈጅብሃል ተባልኩ። ያኔም ደሴ ነበር የምኖረው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብዬ መለስኩ። ሰውየው ዝም ብሎ አየኝና ጥያቄውን ደገመው። የፈለገው በሀረጎ ቁልቁለት ታጥፎ ታጥፎ ኮምቦልቻ ለመውረድ የሚወስደኝን ሰዓት ነበር። ርቀት ቢሆን "ሃው ፋር" ይለኝ ነበር። በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ ከደሴ ሩቅ ነው ለማለት ሎንግን ብቻዋን አትጠቀሚ። "ፋር ፍሮም ደሴ" በይ፣ ወይ ደግሞ "ኤ ሎንግ ዌይ ፍሮም ደሴ"። ዌይ ስትጨመር ሎንግ ርቀት መናገር ትችላለች።

ሌላ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ብዙ የማይብራራ ነገር አለ። በጥያቄና በአሉታ ሎንግ ብቻዋን ትቆማለች። "ዲድ ዩ ዌይት ሎንግ?"፣ ብዙ ጠበቅሽ ወይ። "ኢት ዳዝንት ቴክ ሎንግ"፣ ብዙ አይቆይም። አዎንታ ሲሆን ግን "አይ ዌይትድ ሎንግ" ስትይ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፣ "ኤ ሎንግ ታይም" ነው የሚባለው። ቱ ከቀደመቻት ግን አዎንታም ቢሆን ታይምን አትፈልግም፣ "አይ ዌይትድ ቱ ሎንግ" ትክክል ነው። አንድ ማሽን ጠጋኝ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ "አይ ወንት ቢ ሎንግ" ብሎኝ፣ ረጅም አልሆንም ብዬ ተርጉሜ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። አልቆይም ማለቱ ነው።

"አዝ ሎንግ አዝ" የምትለዋን ልጆች በጣም ይፈሯታል። እኛ ግን ድሮም አለችን፦ እስከ እና ድረስ። እስካለሁ ድረስ አስተምርሻለሁ ስንል ጊዜ ነው። ሥራሽን እስከጨረስሽ ድረስ መሄድ ትችያለሽ ስንል ቅድመ ሁኔታ ነው። አዝ ሎንግ አዝም ሁለቱንም ናት። በአማርኛው ካሰብሻት አትከብድም።

"ኖ ሎንገር" ግን ከርዝመት ጋር አታያይዢው፣ ድሮ ነበር አሁን ቀረ ማለት ነው። "ሂ ኖ ሎንገር ወርክስ ሂር"፣ አሁን እዚህ አይሠራም። ማስታወቂያ ላይ ስታይው ልብ በይ፣ መታወቂያ ወይ ትኬት ጊዜው አልፏል የሚለው በዚህ ቃል ሊሆን ይችላል።

ከአማርኛ ጋር የሚገጥምም የማይገጥምም አለ። ረጅም ዕድሜ ብለው አያቶቻችን ሲመርቁን ሎንግ ላይፍ ነው፣ ልክ ነው። ምላሰ ረጅም የምንላትን ሴት ግን ቃል በቃል ብትወስጃት አይገባቸውም። እነሱ ደግሞ "ዋይ ዘ ሎንግ ፌስ?" ይላሉ፣ ምነው ፊትሽን ጣልሽ እንደማለት።

አነባበቡንም ጠይቀሻል። እኛ በፊደላችን ሎንግ ብለን ስለምንጽፍ መጨረሻ ያለችው "ግ" ጠንክራ ትወጣለች። በእንግሊዝኛው አትሰማም፣ ድምፁ "ን" ላይ አፍንጫ ውስጥ ያልቃል። ሎንገር እና ሎንገስት ሲሆን ግን ተመልሳ በደንብ ትሰማለች። ያንግ እና ስትሮንግም እንደዚሁ ናቸው፣ ያንገር ስትይ ትመጣለች። ሲንገር፣ ዘፋኝ የሚለው ላይ ግን አትምጣብሽ።

ለመምህሩ "ማይ ብራዘር ኢዝ ቶል፣ ሂ ሃዝ ሎንግ ሌግስ" ብለሽ ጽፈሽ አሳዪው። ሁለቱንም ቃል በየቦታው ታገኚያቸዋለሽ።